ሽንኩርት አይቀየምም

አዲስ ዓለም ዋና ከተማ ለመሆን ታጭታ ሠርጓ የቀረባት ከተማ ናት። ዳግማዊ ምኒልክ በ1892 ዓ.ም. ገደማ ከአዲስ አበባ ወደ ምዕራብ 55 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀው እዚህ ቤተ መንግሥት ማሠራት ሲጀምሩ ምክንያታቸው ማገዶ ነበር። አዲስ አበባ በዙሪያዋ ያለውን ዛፍ አንድዳ ጨርሳለች፤ እዚህ ደግሞ ደኑ ቅርብ ነው። ኋላ ባሕር ዛፍ የሚባለው እንግዳ ፈጥኖ አደገና አዲስ አበባን ከመሰደድ አዳናት፤ የእኛው ቤተ መንግሥትም ለማርያም ተሰጥቶ ቤተ ክርስቲያን ሆነ። ዋና ከተማነቱ እንዲህ አድርጎ ቀረብን። ንጉሠ ነገሥትነቱ ግን አልቀረብንም። ወደ ጊንጪና ወደ አምቦ በሚወስደው አስፋልት ግራና ቀኝ የተደረደሩትን ምግብ ቤቶች፣ ዳቦ ቤቶችና ሱቆች አንድ በአንድ ብትገቡባቸው፣ በእያንዳንዱ ውስጥ ሁሉን የሚያዝ፣ ሁሉን የሚቀምስ፣ ሁሉን የሚቆጥር አንድ ንጉሠ ነገሥት ተቀምጦ ታገኛላችሁ።

“ተቀምጦ” አልኩ እንጂ የሚቀመጥስ የለም።

እኔ ምሳዬን የምበላበት ቤት ያለችው ንግሥት ናት። ትንሹም ትልቁም እትዬ ነው የሚላቸው፤ ስማቸው ይቆየን። እትዬ ከንጋቱ 11 ሰዓት ተኩል ላይ ቤቱን ራሳቸው ይከፍታሉ። ሮቶው መሙላቱን በመጥረጊያ እንጨት መታ መታ አድርገው በድምፁ ይለያሉ። መብራት ከጠፋ ጄኔሬተሩን የሚያስነሱት እሳቸው ናቸው፤ ገመዱን አንድ እግራቸውን ግድግዳ ላይ ተክለው ሲስቡ አስተናጋጆቹ ቆመው ያያሉ፣ ምክንያቱም መንካት ክልክል ነው። እንቁላል ይቆጥራሉ። የተፈጨውን በርበሬ ይመዝናሉ። ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. የመጣ ጊዜ “አሁንስ ገንዘብ መቀበል ቀለለላቸው” ብለን ነበር፤ ስልኩ ግን በቀሚሳቸው ኪስ ውስጥ ነው። በሐሰት መልእክት የሚያጭበረብሩ ስላሉ፣ ወደ ነቀምት የሚወጣ ሾፌር ምሳውን በልቶ ከከፈለ በኋላ እትዬ ከማርያም እስኪመለሱ ቆሞ ይጠብቃል። ይመጣሉ፣ መነጽራቸውን ያደርጋሉ፣ ያነባሉ፣ “ገብቷል” ይላሉ። ያኔ ሲኖትራኩ ይነሣል።

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ሠራተኛ በሳምንት ከ48 ሰዓት በላይ በመደበኛነት እንዳይሠራ ይላል፤ በመጀመሪያው ዓመት 16 የሥራ ቀን የዓመት ፈቃድ ይሰጠዋል። ስለ ባለቤቱ ሰዓትና ፈቃድ የሚለው ነገር የለም። ሕግ አውጪው እትዬን አያውቃቸውም፤ ቢያውቃቸውም ኖሮ አንቀጹን ራሳቸው ካላረቀቁት አይቀበሉትም ነበር።

ከሁሉ ግን ሽንኩርቱና ጨው።

ሽንኩርት ሲገዙ ቆሜ አይቻለሁ። አንዱን ያነሣሉ። አንገቱን በአውራ ጣታቸው ጫን ያደርጉታል፤ ከለሰለሰ ይመልሱታል። ሥሩን ያሸታሉ። የላይኛውን ልጣጭ ፈቅፈቅ አድርገው ውስጡን ያያሉ። ይህ ለአንድ ሽንኩርት ነው። ሻጯ ለምዳለች፤ አንዳንዴ ግን ትዕግሥቷ ያልቅና “እትዬ፣ ከትፈው ሊያቁላሉት እኮ ነው!” ትላቸዋለች። እሳቸው ቀጣዩን ያነሣሉ። ይህ ሁሉ ሲሆን ቤቱ ውስጥ ለቁርስ የመጣ እንግዳ ጨጨብሳውን አዞ ባለቤት ፍለጋ ባንኮኒውን ያያል። ባንኮኒው ባዶ ነው።

ጨው ደግሞ እንዲህ ነው። ወጥ ሠሪዋ ሽንኩርቱን ታቁላላለች፣ ዘይቱን ታደርጋለች፣ ሽሮውን ትበጠብጣለች፣ ታማስላለች። ጨውና በርበሬ የሚጨምሩት ግን እትዬ ብቻ ናቸው። የጨው ዕቃው ከባንኮኒው ሥር ነው የሚቀመጠው። ሽሮው ሲንተከተክ ወጥ ሠሪዋ በበሩ አንገቷን ታወጣና “እትዬ፣ ጨው!” ትላለች። እትዬ ከባንክ ቤት ሰው ጋር በስልክ እያወሩ ከሆነ ሽሮው ይጠብቃል። ሽሮ ደግሞ መጠበቅ አይወድም፤ ይወፍራል፣ ያርራል፣ ይይዛል። አንድ ቀን አምስት ሾፌሮች ባዶ ትሪ ከበው ተቀምጠው፣ እትዬ ከግብር ሰብሳቢው ጋር ስለ ሐምሌው ክፍያ እየተከራከሩ፣ ወጥ ሠሪዋ “ጨው!” ስትል፣ ከሾፌሮቹ አንዱ ተነሥቶ “እኔ ልጨምርላት?” አለ። እትዬ የስልኩን አፍ በእጃቸው ሸፍነው “አንተ መሪህን ያዝ” አሉት።

ይህን ሳይ ንጉሠ ነገሥት ማለቴን ደግሜ አስብበታለሁ። ንጉሠ ነገሥቶቹማ እንዲህ አልነበሩም። የቤተ መንግሥቱን ግብር አስቡት። ጠጁን የሚጥል ሌላ፣ የሚያሳልፈው ሌላ። በሩን አጋፋሪው ይይዛል፣ እልፍኙን እልፍኝ አስከልካዩ፣ ፈረሱን ባልደራሱ፣ ግምጃ ቤቱን በጅሮንዱ። ደብዳቤውን ጸሐፌ ትእዛዙ ይጽፋል፣ ችሎቱን አፈ ንጉሡ ያያል። ሊቀ መኳስ የሚባለውማ በጦርነት ቀን እንደ ንጉሡ ለብሶ ንጉሡን እየመሰለ ይዞራል፤ ጠላት ንጉሡን ፈልጎ ሲተኩስ እሱን እንዲያገኘው ነው። በጥይት መመታትን እንኳ ለሰው የሚሰጥ ቤት ነበር። እትዬ ጨው አይሰጡም።

እርግጥ ምኒልክም እጃቸው አርፎ የሚቀመጥ ሰው አልነበሩም፤ አዲስ መኪና መጣ ሲባል ፈትተው ካላዩ፣ ግንብ ሲሠራ ቆመው ካላሠሩ ደስ አይላቸውም ነበር ይባላል። ቢሆንም በጥቅምት 1900 ዓ.ም.፣ በ63 ዓመታቸው፣ ሥራውን በሚኒስትር በሚኒስትር አከፋፈሉት። ዳኝነቱ ለአፈ ንጉሥ ነሲቡ መስቀሎ፣ ገንዘቡ ለበጅሮንድ ሙሉጌታ ይገዙ፣ ንግዱና የውጭው ጉዳይ ለነጋድራስ ኃይለ ጊዮርጊስ ወልደ ሚካኤል ተሰጠ። ከሁሉ የሚከብደውን ጦሩን ለማን የሰጡት ይመስላችኋል? ለአጎታቸው ልጅ? ለፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ ዲነግዴ ነው፤ በልጅነቱ በጦርነት ተማርኮ ለመጣ ሰው። የተማረከ ልጅ የማረከውን ጦር ተረከበ፤ እስከ ዕለተ ሞቱ፣ እስከ ታኅሣሥ 1919 ዓ.ም. ድረስም ይዞት ቆየ። ምኒልክ ከሞቱ፣ ልጅ ኢያሱ መጥተው ከሄዱ፣ ንግሥት ዘውዲቱ ከነገሡ በኋላ ሁሉ ማለት ነው።

ይህን ያነሣሁት ያለ ምክንያት አይደለም። እትዬ አንድ ጊዜ ሥራ ለሰው ሰጥተው ያውቃሉ። የሰጡት ለወንድማቸው ልጅ ነው። ሥራው ገንዘብ መቀበል ነበር። “ሥጋዬ ነው፣ አይከዳኝም” አሉ። ልጁ ጨዋ ነው፤ ጸጉሩን ተቆርጦ፣ ሸሚዙን ተኩሶ ነበር የሚቀመጠው። ሒሳቡ ማታ ማታ ይጎድላል። ለካ ሥጋነቱ ከገንዘቡም ጋር ኖሯል። ሲደረስበት ቤተሰብ ተሰበሰበ፤ “የወንድምሽ ልጅ እኮ ነው” ተባለ፤ ልጁ ምንም ሳይባል አዲስ አበባ ገባ። አሁን በበዓል በበዓል እየደወለ “እንኳን አደረስዎት” ይላቸዋል፤ እትዬም ይመርቁታል። ከዚያ ቀን ወዲህ ግን “ሰው አይታመንም” የሚል ሃይማኖት ያዙ። ገንዘቡን የበላው ሥጋ ዘመድ፣ ቅጣቱን የከፈለችው ባዕዷ ወጥ ሠሪ። የተወሰደው ገንዘብ፣ የተቆለፈው ጨው።

በእኛ አገር ነጋዴ ዘንድ ይህ የተለመደ አካሄድ ነው። ሥራ ሲሰጥ “ማን ይችለዋል?” ሳይሆን “ማን የማን ልጅ ነው?” ተብሎ ይሰጣል። ሲበላሽ ደግሞ ዘመድ ይማራል፤ ከዚያ በኋላ የሚመጣው ባዕድ ሁሉ ተጠርጣሪ ሆኖ ሥራ ይጀምራል።

እኔ ወረዳ ፍርድ ቤት አጠገብ ማመልከቻ እየጻፍኩ የምኖር ሰው ነኝ። ሰው አቤቱታውን በእኔ እጅ ያስጽፋል፤ ክርክሩን በጠበቃ አፍ ያስከራክራል። ስለዚህ ምክር ለመስጠት የሕጉን በር አንኳኳሁ። “እትዬ፣ በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ እኮ ይህን ነገር ጨርሶታል” አልኳቸው አንድ ቀን ምሳዬን እየጠበቅሁ። “ጠቅላላ ውክልና የሰጠ ሰው ወኪሉን የአስተዳደር ሥራ ብቻ ነው የሚያሠራው። ዕዳ መሰብሰብ፣ ዕዳ መክፈል፣ እስከ ሦስት ዓመት ማከራየት፣ ሰብል መሸጥ፣ ቶሎ የሚበላሽ ዕቃ መሸጥ። ቤት መሸጥ፣ ቤት ማስያዝ፣ ስጦታ መስጠት፣ ይሄ ግን ልዩ ውክልና ይፈልጋል። አዩ? ሕጉ ራሱ ‘ቤትህን አትስጥ፣ ቲማቲምህን ስጥ’ ነው የሚለው።”

አዳመጡኝ። ነጠላቸውን አስተካከሉ።

“ሕጉ ሽንኩርት ገዝቶ ያውቃል?” አሉኝ።

መልስ አልነበረኝም። ሽሮዬ መጣ።

በሌላ ቀን የንስሐ አባታቸው ሞከሩ። ሙሴ ከንጋት እስከ ማታ ሕዝቡን ብቻውን ሲዳኝ አማቱ ዮቶር መጥቶ አይቶ፣ “ይህ ለአንተም ለሕዝቡም ድካም ነው፤ የሺህ አለቃ፣ የመቶ አለቃ፣ የአምሳ አለቃ፣ የአሥር አለቃ ሹም፤ ትንሹን ነገር እነሱ ይፍረዱ፣ ከባዱ ወደ አንተ ይምጣ” ብሎ የመከረውን ታሪክ ተረኩላቸው። እኔ ይህን ታሪክ የምወደው የዓለም የመጀመሪያው የሥራ አመራር አማካሪ አማት መሆኑን ስለሚያሳይ ነው። አማት ቤት ገብቶ “አሠራርህ አይረባም” ሲል የተሰማው በዚያ ቀን ብቻ ሳይሆን አይቀርም። እትዬ ግን ለአባም መልስ ነበራቸው፦ “አባቴ፣ ሙሴ ምግብ ቤት አልነበረውም። መናው ከሰማይ በስሎ ነው የሚወርድለት።”

እንግዲህ ሕግም መጽሐፍም ካልያዛቸው ሌላ መለኪያ ያስፈልጋል። ስለ ንግድ የሚያሠለጥኑ ሰዎች “ጊዜህ በሰዓት ስንት ብር ያወጣል? ሥራው ከዚያ በታች ከሆነ ለሌላ ስጥ” ይላሉ። ይህ አዲስ ዓለም ላይ አይሠራም፤ ለጊዜው ዋጋ አውጥቶ የሚያውቅ ሰው የለማ። እኔ የያዝኩት መለኪያ ሌላ ነው፦ “ሰው ብልክ ማን ይቀየመኛል?”

ሽንኩርት አይቀየምም። ሮቶ አይቀየምም። ባንክ ቤት ያለችው ልጅ ገንዘቡን ማንም ያምጣው ማን ቆጥራ ትቀበላለች። ወፍጮ ቤት፣ ጋዝ ማስሞላት፣ የጄኔሬተር ናፍጣ፣ የንግድ ፈቃድ እድሳት ሰልፍ፣ እነዚህ ሁሉ ባለቤትን አይናፍቁም። ለቅሶ ግን ይቀየማል። የጎረቤት እናት ሞታ፣ ድንኳን ተተክሎ፣ “እትዬ አልመጡም፣ አስተናጋጃቸውን ላኩ” ከተባለ፣ የዚያ ቤት ሰው ሁሉ ከማዶው ምግብ ቤት ይበላል። ለዚያውም ቂሙን ሳይናገር፣ “መንገድ ሆኖብኝ ነው” እያለ። ሠርግ ይቀየማል፣ አራስ ጥየቃ ይቀየማል፣ ከአምቦ ሆስፒታል የወጣ በሽተኛ ይቀየማል።

ዱቤም ይቀየማል፤ ይህ እንዲያውም ዋናው ነው። እትዬ ባንኮኒያቸው ውስጥ ጠርዟ የተላላጠ ደብተር አለቻቸው። ወር ሲገባ የሚከፍለው መምህር፣ ጤፉን ሲሸጥ የሚከፍለው ገበሬ፣ ሲመቸው የሚከፍለው ባጃጅ ነጂ፣ መቼም የማይከፍለው አንድ ሰካራም ሁሉም እዚያ ተጽፈዋል። ሰካራሙን ለምን እንደሚያበሉት ጠይቄያቸው “አባቱ አባቴን አስተምሮታል” አሉኝ። ይህን የትኛው ገንዘብ ተቀባይ ያውቀዋል? ለማን “እሺ” እንደሚባል፣ ለማን ደግሞ ሳያፍር “ዛሬ አልችልም” እንደሚባል፣ ያ በደብተሩ ላይ አልተጻፈም። እሳቸው ጋ ብቻ ነው ያለው።

ታዲያ እትዬ ምን ያደርጋሉ? ለቅሶው ከሽንኩርት ገበያ ጋር ከተጋጨ፣ ለቅሶው ሰው ይላክለታል። እውነቴን ነው። አንድ ጊዜ የቅርብ ጎረቤት አርፎ፣ በቀብሩ ማግሥት አስተናጋጁን በጥቁር ጃኬት ልከው እሳቸው ገበያ ወረዱ። ዕድሩ ቀጣቸው፤ ቅጣቱ ቀላል ነው። የሟች ሚስት ግን ዓመት ሙሉ መንገድ ላይ ሲገናኙ “ደኅና” ብቻ ትላቸው ነበር። ያለ “እንዴት አሉ”፣ ያለ “ልጆቹስ”። ይህን የሚያውቅ ያውቀዋል።

የሚገርመው ደግሞ እዚያው ዕድር ውስጥ ያሉት እትዬ ሌላ ሰው ናቸው። የዕድሩ ዳኛ አለ፣ ጸሐፊ አለ፣ ገንዘብ ያዥ አለ፣ የዕቃ ቤት ኃላፊ አለ። እትዬ ወር በገባ ቁጥር ገንዘባቸውን ለገንዘብ ያዡ ይሰጣሉ፤ ቆጥሮ እንደሆነ እንኳ ቆመው አያዩም። ድስቱን የምትጠብቀዋ ሴት ስንት ድስት እንደወጣ ስንት እንደተመለሰ ስትነግራቸው “አንቺ ታውቂያለሽ” ይሏታል። ዕቁባቸውን የሚሰበስበው ሰው ከወንድማቸው ልጅ የባሰ ሸሚዝ ለባሽ ነው፤ አልጠረጠሩትም። ልጃቸውን ሲድሩ ወጥ የሠሩት ሌሎች፣ ጠጅ የጣሉት ሌሎች ናቸው፤ እሳቸው ኩታቸውን ተከናንበው እልል ሲባልላቸው ዋሉ። ያን ቀን ጨው ማን እንደጨመረ አልጠየቁም። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ ለሃምሳ ሰው ጌጡ የሚባለውን የእኛ ሰው ለለቅሶና ለሠርግ አሳምሮ ያውቀዋል፤ ንግድ ቤት ሲከፍት ሎሚውን ሁሉ ብቻውን ይሸከማል። ምናልባት የዕድሩ ድስት የሁሉም ስለሆነ፣ የቤቱ ድስት ግን የእኔ ስለሆነ ይሆናል።

ቅያሜ ግን በሁለት በኩል ነው የሚመጣው። የተላከበት ሰው ይቀየማል፤ ያልተላከም ይቀየማል።

ወጥ ሠሪዋ ዘጠኝ ዓመት ሠርታለች። በዐቢይ ጾም መካከል፣ በጣም ሥራ በሚበዛበት ሰሞን፣ ሽርጧን አጥፋ ባንኮኒው ላይ አስቀመጠችና ወጣች። አልተጣላችም፤ ደሞዝ ጨምሩልኝም አላለችም። መንገዱን ተሻግራ ፊት ለፊት ያለው ቤት ገባች። እዚያ በመጀመሪያው ቀን የጨው ዕቃውን አምጥተው እጇ ላይ አስቀመጡላት። በሳምንቱ ሲኖትራኮቹ መቆሚያቸውን ቀየሩ። እትዬ በራፋቸው ላይ ቆመው የመኪኖቹን ታርጋ ያነባሉ፤ “ያ የነቀምቱ ነው፣ ያ የጊምቢው ነው” እያሉ። ወጡን ያን ጊዜ ራሳቸው ነበር የሚሠሩት። ጨው በልኩ ነው፤ ግን የሚሸጠው አነሰ።

ይቅርታ መጠየቅ ነበረባቸው። ይቅርታ ደግሞ፣ ተመስገን፣ በእኛ አገር ማንም ራሱ ሄዶ የማይጠይቀው ብቸኛ ነገር ነው። ሽማግሌ ይላካል። ጨው ያላመኑ ሰው ክብራቸውን ለሦስት ሰው አምነው ሰጡ፤ ለዕድሩ ዳኛ፣ ጡረታ ለወጡ አንድ መምህርና ለእኔ። ለምን እኔ እንደተመረጥኩ ግልጽ ነው፤ ምሳዬ አደጋ ላይ ነበር።

ከሥራ ስትወጣ ጠብቀን ቤቷ ሄድን። በሩ ላይ ቆመን “እሺ ካላልሽን አንቀመጥም” አልን። ጃርሱማው፣ ሽምግልናው ማለት ነው፣ በኦሮምኛ ተጀመረ፤ ዳኛው በምርቃት አስረዘሙት፤ መምህሩ በአማርኛ አሳጠሩት። ወጥ ሠሪዋ አንገቷን ደፍታ ሰማች። ከዚያ ቀና አለችና፦

“ዘጠኝ ዓመት ሠራሁ። ገንዘብ ይቆልፉ፣ የሳቸው ነው። ጨው ምን አደረግኋቸው? ቤቴ ለልጆቼ ስሠራ ማን ነው የሚጨምርልኝ?”

ዳኛው ለመመለስ አፋቸውን ከፈቱ፤ መልሰው ዘጉት።

በማግሥቱ ሁለቱንም አገናኘን፤ ቤቱ ከተዘጋ በኋላ፣ ሦስታችን መካከል ገብተን። ወጥ ሠሪዋ ለመመለስ ሦስት ነገር ጠየቀች። ጨውና በርበሬ ከእሷ ዘንድ እንዲቀመጥ። ድስት ውስጥ ማንም ማንኪያ እንዳይከትባት፤ የሚቀምስ ሰው ካለ በሳህን ወጥቶለት እንደማንኛውም እንግዳ ተቀምጦ እንዲቀምስ። ሦስተኛው ሁላችንንም አስደነገጠን፦

“እትዬ ጠዋት ገበያ አይሂዱ። እሳቸው ሲሄዱ እንግዳው ሁሉ ‘የት ሄዱ?’ እያለ ጓዳ ድረስ ይመጣብኛል። እኔ ወጥ ልሥራ ወይስ ሰው ላጫውት? ሰው እኮ የሚመጣው ‘ኖር’ ሊሉት ነው። ሽሮማ የትም አለ።”

እትዬ ስለ ጨው ሲነሣ ዝም ብለው ነበር። ስለ ማንኪያው ሲነሣ ትንሽ ተነፈሱ። ስለ ገበያው ሲነሣ ግን ተነሥተው ቆሙ።

“ታዲያ ሽንኩርቱን ማን ሊገዛው ነው? አስተናጋጁ እንደሁ የበሰበሰና ያልበሰበሰ አይለይም።”

ጸጥ አልን። ሦስታችንም የየራሳችንን ጫማ ማየት ጀመርን። መምህሩ ጉሮሯቸውን ጠረጉና ወደ እኔ ዞሩ።

“ፍርድ ቤት የሚከፈተው ስንት ሰዓት ነው?”

“ሁለት ሰዓት ተኩል” አልኩ፤ ወዴት እንደሚሄዱ እየገባኝ።

“እንግዲያማ ጠዋት ሥራ የለህም” አሉ። ዳኛው መረቁ። ወጥ ሠሪዋ ሽርጧን አነሣች።

አሁን በገበያ ቀን ማለዳ ሽንኩርት የምገዛው እኔ ነኝ፤ ምሳዬ በዚያ ይታሰብልኛል። አንገቱን ጫን አደርጋለሁ፣ ሥሩን አሸታለሁ፣ ልጣጩን ፈቅፈቅ አደርጋለሁ፤ ሻጯ ከእትዬ የባሰ ነህ ትለኛለች። የመጀመሪያው ዕለት ጆንያውን ተሸክሜ ስገባ እትዬ ባንኮኒያቸው ላይ ነበሩ። ከአንድ ገበሬ ጋር ስለ ላሙ መውለድ እያወሩ፣ ለሁለት ሾፌሮች “ኖር” እያሉ፣ ዱቤ እየመዘገቡ። አንዱን ሽንኩርት ከጆንያው አወጡና አገላበጡት።

“ኪሎውን በስንት ገዛኸው?”

ነገርኳቸው።

“ተበልተሃል” አሉኝ።